የላይ ቤት አሥር ደቂቃ

እኅቴ ቀኑን የምትውለው ከመሬት ስድሳ ሜትር ከፍ ብሎ በተሰቀለ፣ ስፋቱ ከቁም ሣጥን በማይበልጥ የመስታወት ክፍል ውስጥ ነበር። የሕንፃ ሥራ ላይ የክሬን ኦፕሬተር ነበረች። እኔ ደግሞ መሬት ላይ ቆሜ፣ ለእሷ ከላይ የማይታያትን እያየሁ በሬዲዮና በእጄ ምልክት የምሰጣት ሠራተኛ ነበርኩ። በሬዲዮ ስም መጥራት ክልክል ስለሆነ እሷ «ላይ ቤት»፣ እኔ «ታች ቤት» ተባልን። ዓመት ሳይሞላ እውነተኛ ስማችንን የሚያውቅ ሰው ከሥራ ቦታው ጠፋ፤ ደመወዝ ከፋዩ እንኳ «ታች ቤት፣ ና ፈርም» ይለኝ ነበር።

በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት፤ ጫማ ማሰር ያስተማረችኝም እሷ ናት፤ ስለዚህ አርባ ዓመት ሞልቶኝም ለእሷ «ይሄ ልጅ» ነበርኩ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት የብረት መሰላል እርከን ጠዋት ትወጣለች፣ ማታ ትወርዳለች። ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነገር በእጇ ሲገባ ዝም ብላ መሥራት አይሆንላትም። በመርፌ ቀዳዳ ክር ስታስገባ «ግቢ እንጂ፣ ምን ያግደረድርሻል» ትላለች። ሦስት ቶን የብረት እስር ከሰማይ ስታወርድም «ቀስ የኔ ሸጋ፣ ቀስ፣ ማንም አይነካሽም» እያለች ታባብላለች። ብረቱ የሚሰማት ይመስለኝ ነበር፤ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ነበር የምታስቀምጠው።

ታዲያ አንድ ዓመት ወገቧን አመማት። ዲስኳ ተንሸራቶ ነርቭ ተጫነና ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ወገቧ ዳነ። እግሯ ዳነ። ሽንቷ ግን አልመጣም አለ። ፊኛዋ ይሞላል፣ ይወጠራል፣ ብታምጥ ብታምጥ ጠብ የሚል ነገር የለም።

«ፊኛሽ መጭመቁን ረስቷል» አላት ሐኪሙ። «ሊያስታውስ ይችላል፤ ላያስታውስም ይችላል። እስከዚያ በየአራት ሰዓቱ አንቺ ራስሽ በቀጭን ቱቦ ታስወጪለታለሽ።»

«እኔ ራሴ?»

«አንቺ ራስሽ። ጥርስ እንደ መፋቅ ነው የምትለምጂው።»

ያስተማረቻት ነርስ ሣቋ ከሦስት ክፍል ወዲያ የሚሰማ ወፍራም ሴት ነበረች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጬ ስለነበር፣ ሳልመዘገብ ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ ደረሰኝ።

«እጅሽን በሳሙና። በጣቶችሽ መካከልም። አሁን ከፊት ወደ ኋላ ጥረጊ። ቱቦውን ቅባት ቀቢው። መስታወቱን ያዢ። የታለ መንገዱ?»

«አይታየኝም።»

«አለ፤ የት ይሄዳል?»

«ሲስተር፣ እኔ እኮ ከስድሳ ሜትር ላይ ሦስት ቶን ብረት የማላየው ጉድጓድ ውስጥ የማስቀምጥ ሰው ነኝ!»

«እዚያማ ታች ቆሞ ምልክት የሚሰጥሽ ሰው ይኖራል።»

«አለ። ወንድሜ ነው። ውጭ ተቀምጧል።»

«ልጥራው?»

ተነሥቼ መስኮቱ አጠገብ ሄድኩ፤ የሚታይ ነገር ባይኖርም ብዙ አየሁ። ከመጋረጃው ወዲያ የሁለት ሴቶች ሣቅ አልጋውን ያንኳኳዋል። «አትሣቂ፣ ስትሥቂ ይጠፋብሻል!» ትላለች ነርሷ፣ ራሷ ትንፋሽ እያጠራት። በሦስተኛው ቀን «እሰይ! እሰይ! መጣ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ኮሪደሩ ላይ የነበሩ ጠያቂዎች የወለደች መስሏቸው እጄን እየጨበጡ «እንኳን ደስ ያለህ» አሉኝ። እኔም አመሰገንኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መስታወቱን ተወችው። በጣቷ ዳሰስ አድርጋ፣ ከነከረጢቱ ታሽጎ የሚመጣውን ቱቦ ከፍታ፣ ከእጅ መታጠብ እስከ እጅ መታጠብ ስድስት ደቂቃ ይበቃት ጀመር። ከእኔ ጋር በሰዓት ትወራረድ ነበር።

ችግሩ ሥራው ነበር። ፎርማናችን «አቶ ይፃፍ» ይባላሉ፤ ምስማር ከእጅ ቢወድቅ እንኳ መዝገባቸውን ገልጠው «ይፃፍ!» ስለሚሉ ነው። እሳቸውም ለምደውት በዚሁ ስም ሲጠሯቸው አቤት ይላሉ። ከእኅቴ በፊት የነበረውን ኦፕሬተር ጆሮው ቢታመም በማግሥቱ የዕቃ ግምጃ ቤት ቁልፍ አስይዘው መሬት አስቀርተውታል። ጆሮው በሳምንቱ ዳነ፤ ሰውየው ግን አልተመለሰም። ጣሪያው በዝናብ በሚያንጠባጥብ ቤት ውስጥ አካፋ ሲያወጣና ሲያስገባ ይውላል።

«እዚያ ቤት አልገባም» አለችኝ እኅቴ። «አየኸው አይደል ፊቱን? እኔ ሰማይ ላይ ነው የምሠራው።»

ሐኪሙ ወደ ሥራዋ መመለስ እንደምትችል በሁለት ገጽ ጽፎ ሰጥቷት ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ስለ ወገቧ፣ ሁለተኛው ስለ ፊኛዋ ይናገራል። የመጀመሪያውን ለአቶ ይፃፍ ሰጠች፤ ሁለተኛውን አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ መውረድና መውጣቱ ብቻ አርባ አምስት ደቂቃ ስለሚፈጅ፣ ቱቦውን እዚያው ላይ ሆና ለመጠቀም በቀን ሁለት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ ያስፈልጋት ነበርና እንዲህ አለች፦

«አቶ ይፃፍ፣ ይሄ የክሬኑ ሞተር እኮ ይግላል።»

«ድሮም ይግላል።»

«አሁን ዕድሜው ገፍቷል። በአራት ሰዓት ተኩልና በስምንት ሰዓት ተኩል አሥር አሥር ደቂቃ ቢቀዘቅዝ መልካም ነው።»

«ማን አለ?»

እኅቴ ዋሽታ አታውቅም። ወደ እኔ ተመለከተች፤ እኔ ወደ ጫማዬ ተመለከትኩ።

«ጥናት» አለች።

«ጥናት?» አቶ ይፃፍ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ይፃፍ!»

በማግሥቱ በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። «በተደረገው ጥናት መሠረት በዚህ የሥራ ቦታ የሚገኝ ማንኛውም ሞተር በተጠቀሱት ሰዓታት ለአሥር ደቂቃ እንዲቀዘቅዝ ታዟል» ይላል። እኅቴ ለአንድ ክሬን የለመነችው ለሁሉም ደረሰ። የሁለተኛው ክሬን ኦፕሬተር፣ እኛ በሬዲዮ «ጎረቤት» የምንለው፣ ጋዜጣ ይዞ መውጣት ጀመረ። የኮንክሪት ማደባለቂያው ቆመ። የብየዳ ሠራተኞቹም «የኛም ይግላል» ብለው ቆሙ። በሳምንቱ አንድ አናጢ መዶሻውን ጥላ ሥር አጋድሞ አየሁት።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እየቀዘቀዘ ነው። ጥናት አለ።»

በሁለተኛው ሳምንት የእጅ ጋሪዎቹ በመስመር ተደርድረው ቀዘቀዙ። ኋላም አካፋዎቹ። በአራት ሰዓት ተኩል አቶ ይፃፍ ፊሽካ ሲነፉ ያ ጆሮ የሚበሳ የሥራ ቦታ ጭጭ ይላል፤ ወፍ ይሰማል። ላይ፣ በመስታወቱ ክፍል ውስጥ፣ እኅቴ መጋረጃዋን ጋርዳ ሥራዋን ትሠራለች። ይህ ሁሉ ሰው በማን ፊኛ ምክንያት እንደሚያርፍ የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነበርን።

እንዲህ ሆኖ ሦስት ወር ከቆየ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ለጉብኝት መጡ። ነጭ፣ አዲስ፣ ገና ላብ ያልነካው የራስ ቆብ አድርገዋል። አቶ ይፃፍ ስለ ጥናቱ በኩራት እያስረዱ ይዘዋቸው ዞሩና ልክ በሰዓቱ ፊሽካቸውን ነፉ።

«አሁን ያያሉ ጌታዬ» አሉ። «ሁሉም ነገር ይቀዘቅዛል።»

ሁሉም ነገር ቆመ። ያን ዕለት እኅቴ ለወገቧ አዲስ ትራስ ይዛ ወጥታ ነበር። ሬዲዮዋን በትራሱና በወንበሩ ክንድ መካከል ስትሰካው የመናገሪያው አዝራር ተጫነ፤ ተጭኖም ቀረ። በሥራ ቦታው አሥራ ሁለት ሬዲዮ ነበረ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሁሉም በአንድ ድምፅ ተናገሩ፦

«እሺ። እጅ ታጠበ። ደረቀ። ነይ እንግዲህ ቱቦዬ፣ ዛሬ እንዳታስቸግሪኝ።»

አቶ ይፃፍ ወገባቸው ላይ ያለውን ሬዲዮ እንደ እባብ አዩት።

«ላላ በይ ላይ ቤት። ትንፋሽ ሳቢ። ቀስ የኔ ሸጋ፣ ቀስ፣ ማንም አይነካሽም... እሰይ! ጎሽ ፊኛዬ! ውረድ፣ ውረድ፣ ውረድ...»

የሬዲዮዬን አዝራር ተጫንኩ፤ እሷ እየተናገረች የኔ ድምፅ አይደርስም። ሜዳው መካከል ሮጬ ገባሁና ሁለት ክንዴን ዘርግቼ የ«አቁም» ምልክት ሰጠኋት። መጋረጃው በአንድ ጥጉ ገለጥ ሲል አየሁ።

«ምን ሆነ ይሄ ልጅ?» አሉ አሥራ ሁለቱ ሬዲዮዎች። «ሊበር ነው እንዴ? አቁም? ምኑን ነው የማቆመው? ይሄ እኮ አንዴ ከጀመረ በምልክት አይቆምም። ታገሥ አንተ፣ እየሸናሁ ነው!»

ውሃ የምታቀርበው ሴት ባልዲዋን አስቀምጣ በእጅጌዋ አፏን አፈነች። አልያዘላትም። ከእሷ ተነሥቶ ሣቁ ወደ ግንበኞቹ፣ ከግንበኞቹ ወደ አናጢዎቹ ተዛመተ። ሥራ አስኪያጁ ግን አልሣቁም።

«ነጭ ቆቡ ደግሞ ማን ናቸው?» አሉ ሬዲዮዎቹ። «አቶ ይፃፍ አጠገባቸው ሆነው እንደ ሙሽራ ይሽኮረመማሉ። አይ እሳቸው! ሞተር ይቀዘቅዛል ብላቸው አካፋ ሳይቀር አቀዘቀዙ! ሞተሩማ ምን ሆነ? የሚያርፈው እኮ የኔ...»

እዚህ ላይ ዕቃዋን ለመሰብሰብ ጎንበስ ብላ ኖሯል፣ ሬዲዮው ጠቅ ብሎ ተለቀቀ።

«ላይ ቤት፣ ላይ ቤት፣ ታች ቤት ነኝ።»

«አለሁ። ምን ያወራጭሃል?»

«እትዬ፣» አልኩ፤ በሬዲዮ እንዲህ ብዬ ስጠራት የመጀመሪያዬ ነበር፣ «ሬዲዮሽ ክፍት ነበር።»

መጋረጃው በአንዴ ተዘጋ።

«ከየት ጀምሮ?»

«ከእጅ መታጠቡ።»

ከዚያ ከወዲያኛው ክሬን አንድ የሚያዛጋ ድምፅ መጣ። «ላይ ቤት፣ ጎረቤት ነኝ። እግዜር ይይልሽ፣ አሥር ደቂቃዬን ልታስቀሪብኝ ነው?»

ሥራ አስኪያጁ የአቶ ይፃፍን ሬዲዮ ከወገባቸው ነቅለው አፋቸው ላይ ያዙት። «እርስዎ ክሬኑ ላይ ያሉት ሴት፣ ይውረዱ። ሕመምተኛ እዚያ አይቀመጥም።»

ሣቁ እንደ መብራት ጠፋ። እኔ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ዞሬ አየሁ፤ ያ ሰውዬ አካፋ ተደግፎ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። በበኩሌ እኅቴ ዝም ብላ የምትወርድ መሰለኝ። እሷ ግን በዚህ ጊዜ አዝራሩን ራሷ ተጫነችው።

«ሕመሜ ወገቤ ነበር ጌታዬ፣ እሱ ድኗል። ይሄ ሥራ ነው። በቀን አምስት ጊዜ የምሠራው ሥራ። ስድስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ጭነት መሬት ሳላስቀምጥ ጀምሬው አላውቅም። ሐኪሙም አውቆ ጽፎልኛል፤ ሁለተኛውን ገጽ የደበቅሁት እኔ ነኝ፣ ለእሱ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ግን ክሬን ላይ ከምንወጣው ውስጥ ሽንቱ መቼ እንደሚመጣ በደቂቃ የሚያውቅ ከእኔ ሌላ ካለ ይናገር።»

«እኔ አላውቅም» አለ ጎረቤት፣ ማንም ሳይጠይቀው። «ሲመጣብኝ በጠርሙስ ነው።»

«በጠርሙስ?» አሉ አቶ ይፃፍ። «ጭነት ተንጠልጥሎ እያለ?»

«እሱ ጭነት አይቶ አይመጣም እኮ አቶ ይፃፍ።»

አንድ ግንበኛ ቀና ብሎ ሰማዩን በጥርጣሬ አየና ሁለት እርምጃ ፈቀቅ አለ።

ሥራ አስኪያጁ ወደ አቶ ይፃፍ ዞሩ። «ይሄ ጥናት የማን ነው?»

የእኅቴ ወንበር በአቶ ይፃፍ ምላስ ጫፍ ላይ ተንጠለጠለች። «አታለለችኝ» ቢሉ እውነት ነው፤ ነገሩም እዚያው ያልቃል። አቶ ይፃፍ ግን መዝገባቸውን ገለጡ። ጣታቸውን አራሱ፣ አንድ ገጽ አገላበጡ፣ ሌላ ገጽ አገላበጡ። ጆሯቸው ቀልቷል።

«ከማስታወቂያው በፊት በነበሩት ሦስት ወራት» አሉ «አሥራ አንድ ብልሽትና አደጋ ጽፌያለሁ። ከማስታወቂያው ወዲህ ሁለት። የቀዘቀዘው ሞተሩ ይሁን ሰዉ አልመረመርኩም። እሷ ጥናት አለችኝ እንጂ ጥናቱን ያጠናሁት እኔ ነኝ፤ ይኸው ተጽፏል።»

ሥራ አስኪያጁ መዝገቡን አዩ፣ ክሬኑን አዩ። ከዚያ የጭነት መኪናው ላይ ቆሞ የሚጠብቀውን፣ ሁለት በር የሚያህለውን መስታወት አዩ። «ያንን አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ታስቀምጠው» አሉ። «እኔ እዚሁ ቆሜ አያለሁ። አንዲት ስንጥቅ ብትታይ ትወርዳለች።»

እንግዲህ መስታወት በነፋስ መካከል ማንሣት እንዲያው የዋዛ ነገር አይደለም። መንጠቆው ወረደ፣ ማሰሪያው ጠበቀ፣ መስታወቱ ከመኪናው ላይ ተላቀቀ። እኔ ምልክት እሰጣለሁ፤ እሷ ታነሣለች። ሦስተኛ ፎቅ። ስድስተኛ። ዘጠነኛው ላይ ነፋስ መታው፤ መስታወቱ ዞር አለ፤ ሁለት መቶ ሰው ትንፋሹን ዋጠ። እኅቴ ግን ጥንቃቄ ሲመጣባት አፏን መያዝ አትችልም አላልኩም? አሥራ ሁለቱ ሬዲዮዎች እንደገና ተናገሩ፦

«ላላ በይ... ቀስ... ቀስ የኔ ሸጋ፣ ማንም አይነካሽም...»

ከወዲያ አንድ ሰው እንደ ጀበና መክደኛ ፍንጥር ብሎ ሣቀና አፉን ያዘ። አናጢው ግንባሩን ግድግዳ ላይ አሳረፈ። ውሃ አቅራቢዋ መሬት ተቀመጠች። መስታወቱ በአየር ላይ ነውና ጮክ ብሎ መሣቅ ማንም አልደፈረም፤ ሁሉም ሰው ጉንጩን ነፍቶ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ እንባው እየወረደ ወደ ላይ ያያል። እኔ ራሴ ምልክት የምሰጥበት ክንዴ ይንቀጠቀጥ ነበር። መስታወቱ ወደ ክፈፉ ተጠጋ፣ ጥቂት ቆመ፣ ገባ።

«እሰይ!» አለች እኅቴ። «እንዲህ ነው እንጂ! ጎሽ!»

በዚህች ቃል ሁሉም ፈነዳ። ሥራ አስኪያጁ ነጩን ቆባቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበት፤ ከቆቡ ጀርባ የሚወጣው ድምፅ የሰው ሣቅ አይመስልም ነበር። በመጨረሻ ዓይናቸውን እየጠረጉ «ትቆይ» አሉ። «ሁለተኛውን ገጽ ግን ነገ ጠዋት እፈልገዋለሁ። ለዚያ ለወዲያኛውም ስለ ጠርሙሱ አንድ ነገር ይደረግ።»

«ይፃፍ!» አሉ አቶ ይፃፍ፣ ድምፃቸው ተመልሶላቸው።

ወንበሯ ተረፈች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግን መውረድ ነበረባት፤ እሱ ከመስታወቱ ባሰ። የመጨረሻው እርከን ላይ ቆማ አልወርድም አለች።

«ሁሉም ሄዷል?»

«አልሄዱም።»

«ምን ያደርጋሉ?»

«ምንም። ጫማቸውን እያሰሩ ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ፊቷን ወደ መሰላሉ እንዳዞረች ወረደች። «ከፊቴ ሁንና ጋርደኝ» አለችኝ፤ የእኔ ስፋት የእሷን እኩሌታ አያህልም። አሥር እርምጃ ሳንሄድ ውሃ አቅራቢዋ መንገድ ላይ ቆመች። እኅቴ አንገቷን ደፋች።

«እትዬ ላይ ቤት፣» አለች ሴትዮዋ በሹክሹክታ፣ «አባቴ ናቸው። ቱቦ ተተክሎላቸው ከረጢት ታቅፈው ስለሚውሉ ሰው ያየኛል ብለው ከበር አይወጡም። እንዳንቺ አስገብቶ፣ አውጥቶ፣ ሱሪ ታጥቆ መሄድ ለወንዶችም ይሆናል?»

«ሐኪማቸው ከፈቀደ ለምን አይሆንም?» አለች እኅቴ። ሃያ ዓመት በሞተር ድምፅ ላይ ስትጮህ የኖረች ሰው ሹክሹክታ አታውቅም፤ እስከ በሩ ተሰማ። «የወንድ መንገዱ ረዘም ይላል፤ ቱቦውም ረዘም ይላል። ቆይ ላሳይሽ። ያንን ብረት አቀብለኝ አንተ!»

የአሸዋው ክምር አጠገብ ተንበርክካ በብረቱ ጫፍ ክብ ሣለች፤ ከሥሩ መስመር አወረደች። «ይሄ ፊኛው ነው። ይሄ በሩ። በሩ አልከፈት ሲል፣ ወይም ፊኛው መግፋት ሲያቅተው...» ጫማ የሚያስሩት ሰዎች አንድ በአንድ ቀረቡ። አናጢው ተቀመጠ። አቶ ይፃፍም ሩቅ ቆመው የማያዩ መስለው መዝገባቸውን ገለጡ። የቧንቧ ሠራተኛው ከሁሉም በላይ ጎንበስ ብሎ ሥዕሉን አንገቱን አዘንብሎ ሲመረምር ቆየ።

«ይቅርታ እትዬ፣» አለ፣ «ይሄ ተሳስቷል። መውጫው ከመሐል አይደለም የሚወርደው፣ ከታችኛው ጥግ ነው። እንዲህ ከሆነ ውሃ ይተኛበታል።»

«የተሳሳተው የኔ ፊኛ ነው የምትለኝ?»

«ሥዕሉን ነው ያልኩት!»

«ና እንግዲህ፣ አንተ ሣለው» አለች ብረቱን እየዘረጋችለት፤ እሱም እጅጌውን ሰብስቦ አሸዋው ላይ ተንበረከከ።